እጄ ቀድሞኝ የነፋው ጥሩምባ

ቢቸና ውስጥ ማለዳ ከቤቴ ስወጣ ያዩኝ ሴቶች ያማትቡ ነበር። መልኬም ለዚያ የሚበቃ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሥራዬ ነበር። የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚቀሰቀሰው እኔ፣ ቀጥሎ ከተማው። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር እነፋና «የእድራችን አባል አቶ እገሌ አርፈዋል፤ ቀብር በዘጠኝ ሰዓት!» እያልኩ ሰፈር ለሰፈር እዞራለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን «አንማው፣ ግባና ቁርስ ብላ» ያለኝ ሰው የለም። ሞትን ማን ቁርስ ይጋብዛል?

አምና እድራችን ዘመነና ሞንታርቦ ገዝቶ ባጃጅ ላይ ጫነ። ጥሩምባዬን ተረከቡኝ። ፈርሜ አስረከብኩ፤ እጄ ግን ፊርማውን የተቀበለው አይመስለኝም። ባለሱቁ ዘይት የሚቀዳበትን ማንቆርቆሪያ ሳይ ከንፈሬ ይሞጠሞጣል። ግድግዳ የተደገፈ ዱላ ካየሁ መዳፌ ይከፈታል። የበር እጀታ ካየሁማ አለቀ። አንድ ቀን በመንገድ ሳልፍ የሚያብረቀርቅ አዲስ እጀታ አየሁና ጨብጬ ገፋሁት። የማላውቀው ቤተሰብ ምሳ ቀርቦለት ተቀምጧል። ደንግጠው «ይብሉ» አሉኝ። በላሁ። እዚያም እጄ ቀደመኝ።

እስከዚህ ሳቁብኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

አንድ ታላቅ ወንድም ነበረኝ፤ አያ ስንሻው ይባላል፤ ኑሮው ሞጣ ነው። እናታችን ግን ቢቸና እኔ ቤት ነበረች። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ፣ እጇን ይዤ አጠገቧ እንደተቀመጥኩ ትንፋሿ ቆመ። ዓይኔን ከፊቷ ላይ ሳነሳ ጥሩምባው ፊት ለፊቴ ተሰቅሏል። ቀጥሎ የማስታውሰው መንገድ ላይ መሆኔን ነው። የገዛ እናቴን ሞት ለከተማው ነፋሁ። ለአያ ስንሻው ግን አልነገርኩትም።

ሽማግሌዎቹ «ታላቅህ ተነግሮታል?» አሉኝ። «ተነግሮታል፤ መንገድ ላይ ነው» አልኩ። ለከተማ የነፋ ሰው ለወንድሙ ሳይነግር ይቀራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። «መኪና ተበላሽቶበት ይሆናል፤ አስከሬን አይቆይም» ያልኩም እኔው ነኝ። ቀበርናት።

አያ ስንሻው የእናቱን ሞት የሰማው በማግስቱ ነው። ሞጣ ገበያ መሐል አንድ የቢቸና ነጋዴ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ሲለው «በምን?» ብሎ ጠየቀው። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ቤቴ ሳይገባ በቀጥታ መቃብሯ ዘንድ ሄዶ አለቀሰና ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም።

ባለፈው ሐምሌ ስልኬ ጮኸ።

«አጎቴ፣ ዘመናይ ነኝ፤ የስንሻው ልጅ።»

«ማን ሞተ?» አልኩ። ሰላምታዬ ይኸው ነው።

«ኧረ በስመ አብ! ማንም አልሞተም። አባባ ደክሟል። ልቡ ነው አሉን፤ እግሩም አብጧል። ‹አንማውን ጥሪልኝ፤ ሳልሞት የምጠይቀው ነገር አለ› ብሏል። ይመጣሉ?»

ይቅርታ የምለምንበት የመጨረሻው በር ተከፈተልኝ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በሦስተኛው ቀን መኪና አገኘሁ። ከቢቸና ሞጣ ሩቅ አይደለም፤ እኔን ግን ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። ግንደወይንን እስክናልፍ «አያ፣ ይቅር በለኝ፤ አያ፣ በእናታችን አጥንት ይቅር በለኝ» እያልኩ ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እየሰማኝ ኖሯል። «አባቴ፣ ምን ያደረጉኝ ነገር አለ? ይቅር ብዬዎታለሁ» አለኝ። ከማንም ይቅርታ ማግኘት እንዲህ ቀላል ነው፤ ከበደልከው ሰው ካልሆነ።

አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ዘመናይ ጉልበቴን ስማ ፊት ለፊት ካለው ክፍል አስቀመጠችኝ። አያ ስንሻው የሰፈሩ እድር እቃ ጠባቂ ነው። ክፍሉ እስከ ጣሪያው የእድር እቃ ነው፤ ተደራርቦ የቆመ አግዳሚ፣ በርሜል የሚያህል ብረት ድስት፣ የተጠቀለለ ድንኳን።

«ትንሽ ይጠብቁ አጎቴ» አለች። «ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ አሁን ገና ሸለብ አደረገው። እኔ ከጓሮ ልብሱን ልጠብ፤ ሲነቃ ይጣራል።»

ጠላ በባለ ጆሮ ኩባያ አስቀምጣልኝ ወጣች። የኩባያው ጆሮ ወደ ቀኝ እጄ ዞሯል። መጠማቴን ሳላስብ ጨረስኩት። እንግዲህ ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ከዚያ አየሁት። ከትናንቱ ቀብር ተመልሶ የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ጋደም ብሏል፤ ጥሩምባ። ከኔው ጋር አንድ ልክ ነው፤ አፉ ብቻ ትንሽ ተጨራምቷል፤ እንደ ባለቤቱ መሆን አለበት። ከንፈር የሚያርፍበት ጫፉ ወደኔ ዞሯል። ጥሩምባ ካየሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር።

አሁን የምናገረውን ቀስ ብላችሁ ስሙኝ፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የገባኝ። «ልንፋ» ብዬ አላሰብኩም። እጄ ብድግ ሲል ግን አየሁት፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሚታየው። ጫፉን በጋቢዬ ጠርዝ ጠረግሁ። ከንፈሬን አረጠብኩ። ጥሩምባ ቤት ውስጥ አይነፋምና እግሬም የራሱን ልማድ አልረሳ፤ ተነስቶ ደጃፍ አደረሰኝ። ደረቴ ሞላ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር።

አቤት እንዴት እንደጮኸ! እግዜር ይይልኝ፣ ለአንዲት ቅጽበት «አሁንም እችላለሁ» ብዬ ተደሰትኩ። አፌም ቀጠለ። «የእድራችን አባል አቶ...»

ስም ፈለግሁ። ስም የለኝም። የነቃሁት ያኔ ነው።

ስሙን ሰፈሩ ሞላልኝ። በዚህ ቤት ማን እንደታመመ የማያውቅ የለም፤ ጥሩምባውም የጮኸው ከዚሁ ደጅ ነው። መጀመሪያ የደረሱት ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ ገላነሽ ናቸው፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው።

«ወይኔ ጋሼ ስንሻው! ወይኔ የሰፈሩ ዋርካ!»

«አልሞተም!» አልኳቸው።

እጄ ላይ ያለውን ጥሩምባ አዩና ይበልጥ ጮኹ። ሁለት ጎልማሶች ሮጠው ገቡ።

«ወንድሙ ነዎት?»

«ነኝ፤ ግን አልሞተም እኮ!»

ተያዩ። አንደኛው ትከሻዬን ደገፈኝ። «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው አባቴ፤ አይታመንም። ቁጭ ይበሉ።»

«ተኝቶ ነው የምላችሁ!»

«አዎ» አለ ሌላው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «አዎ፣ ተኝቷል። በሰላም ተኝቷል።»

ዘመናይ ጩኸቱን ሰምታ እጇ አረፋ እንደለበሰ ከጓሮ ስትሮጥ ግቢው በሰው ሞልቶ አየች። አባቷ በተኛበት የሞተ መሰላትና እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክካ ደረቷን መታች። የልጅቱ ለቅሶ የማረጋገጫ ማኅተም ሆነ። ከዚያ በኋላ የኔን «አልሞተም» የሰማው የለም። የሰፈሩ ጥሩምባ ነፊ፣ አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ እያለከለከ መጣና ጥሩምባውን ከእጄ ወሰደ። «ይስጡኝ አባቴ፤ ይኼ የኔ ሥራ ነው፤ እርስዎ ኃዘንተኛ ነዎት» ብሎ ስሙን እስከ አባቱ ስም እየጠራ ወደ ላይኛው ሰፈር ሄደ። የኔም አባት መሆኑን ማን ነግሮት! ወንዶቹ ድንኳኑን ጎትተው አወጡ። እድር ያን ቀን እንደፈጠነ ፈጥኖ አያውቅም፤ እቃው ከሟች ቤት ነበረና።

ሁለት ምሰሶ እንደቆመ የውስጠኛው በር ተከፈተ።

አያ ስንሻው ጋቢውን እንዳጣፋ፣ በዱላው ተደግፎ፣ ደፉ ላይ ቆሟል። ከስቷል። ለቅሶው ከዳር ወደ መሐል እየጠፋ መጣ። አንዷ ሴት «በስመ አብ ወወልድ» ብላ የአጥሩን ቀዳዳ ፍለጋ ሄደች። እሱ ግቢውን ቃኘ፤ ሴቶቹን አየ፤ ምሰሶውን አየ።

«ድንኳኑን ወደ ግራ አርጉት» አለ። «በቀኝ ጎርፍ ይገባል። ስንቴ ልንገራችሁ?»

ማን መሳቅ እንደጀመረ አላውቅም። እያለቀሱ የሚስቁ፣ እየሳቁ የሚያለቅሱ፤ ዘመናይ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ግን እኔን ፈልጎ አገኘኝ። ሰባት ዓመት አይቶኝ የማያውቅ ዓይን ነው።

«አንማው» አለ፤ ድምፁ ከፍ አላለም፤ ሁሉም ግን ሰማ። «የእናቴን ሞት በማግስቱ ነው የሰማሁት። የራሴን ግን ቀደም ብለህ አሰማኸኝ። ተሻሽለሃል።»

ዞሮ ገባ።

ሰው እስኪበተን ቆይቶ አስጠራኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ።

«ስንት ሰው መጣ?» አለኝ።

«ግቢው ሞልቶ ነበር።»

«ገላነሽ አልቅሳለች?»

«እሳቸው ናቸው የጀመሩት።»

«ጥሩ።» ትንሽ አሰበ። «ያ አጥሬን የገፋው ጎረቤቴስ?»

«ድንኳን ሲጎትት ነበር።»

«እንግዲያ አጥሩን ትቼለታለሁ» አለና በረጅሙ ተነፈሰ። «አሁን መልስልኝ። እንዴት ነው የነፋኸው? ሞቼ መስሎህ ነው?»

«አይደለም አያ። እጄ ነው። አየሁት፤ እጄ አነሳው። ሌላ የምልህ የለኝም።»

«የእናታችን ጊዜም እንዲሁ ነው?»

«እንዲሁ ነው። ዓይኔን ሳነሳ ጥሩምባው ነበር።»

ከዚያ ቀኝ እጄን ሳበና በእብጠት የተወጠረ ጣቱን መዳፌ ላይ አሳለፈ፤ ትንሽ ሳለሁ እሾህ ሲያወጣልኝ እንደሚያደርገው።

«እጅህን ይቅር ብየዋለሁ» አለ። «እጅ አሮጌ በሬ ነው፤ የለመደው ማሳ ይገባል። ግን አንማው፣ ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ሰዓት ነው? ስልክህ የት ነበር?»

«ራስጌዋ... መስኮቱ ላይ።»

«ታየው ነበር?»

«ሳይ ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ጥሩምባ ያየ እጅ ከተነሳ፣ ስልክ ያየው ለምን አልተነሳም?»

ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው እንደ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ።

«ልጠይቅህ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር» አለኝ፤ እጄን ለቀቀው። «ቂም አይደለም፤ መሄጃዬ ደርሷል፣ ቂም ይዤ የት እደርሳለሁ። ማወቅ ነው የምፈልገው። ሂድ፣ አስብበትና መልሱን ይዘህ ቅዳሜ ና። ውሸት ይዘህ እንዳትመጣ፤ ውሸትህን ከልጅነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያኔ ስለ አንተም እንነጋገራለን።»

ቢቸና ስመለስ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሐያት ዘንድ ሄድኩ። የወሎ ልጅ ናት፤ ደም ግፊቴን ስትለካ ወሬዬንም አብራ ትለካለች። ሁሉን ነገርኳት። ሳቋን ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ዓይን እቃ ሲያይ አእምሮ ዝም ብሎ አይመለከትም። ‹ይኼ በምን በኩል ይያዛል› ብሎ እጅን ማሰናዳት ይጀምራል፤ ገና እርስዎ ሳይወስኑ። የኩባያው ጆሮ ወደ ቀኝ ከዞረ ቀኝ እጅዎ ይነቃል። ብዙውን ጊዜ ሌላው የአእምሮ ክፍል ‹ተው› ይለውና እጁ ይቀመጣል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ልማዱ ሲጠነክር፣ ድካምና ኃዘን ሲጨመርበት ‹ተው› ባዩ ይዘገያል።»

«እና ጥፋተኛ አይደለሁም?»

«ለመጀመሪያው ትንፋሽ አይደሉም።»

«ከዚያ በኋላ ላለውስ?»

«እሱን እኔ አልለካም ጋሼ። የምለካው ግፊት ነው።»

እየፈነጠዝኩ ወጣሁ። ሳይንስ ነጻ አውጥቶኛል! ቅዳሜ ለአያ ስንሻው ይህን ነግሬ እገላገላለሁ ብዬ ሦስት ቀን ቃል በቃል አጠናሁት። ሐሙስ ማታ እራት ስበላ ስልኬ ገበታው ላይ ነበር። እጄ ወደ እሱ ሲንቀሳቀስ ሳየው ማኘኬን ተውኩ።

ያን ቀንም ተንቀሳቅሶ ነበር። እናቴ በተገነዘችበት ቀን እጄ ሦስት ጊዜ ወደ ስልኩ ሄዷል። ሦስቱንም ጊዜ ‹ተው› ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ከመንገድ እንደተመለስኩ ነው። ከተማው በኔ ትንፋሽ ተሰብስቦ፣ ቁርስ ጋብዞኝ የማያውቅ ሰው ሁሉ አንገቴን አቅፎ ሲያለቅስልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አዎ፣ እናቴ ሞታ ደስ ብሎኝ ነበር። ታላቄ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ እሱ እንደሚዞር አውቅ ነበርና ትንሽ ይቆይ አልኩ። ሁለተኛው ረፋድ ላይ ነው፤ «እስካሁን የት ነበርክ?» ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ሦስተኛው ላይ ሽማግሌዎቹን ዋሽቻቸው ነበር። የዋሸ ሰው ስልክ ቢያነሳ ራሱን ነው የሚያጋልጠው። ለጥሩምባው የዘገየው ‹ተው› ባይ ለስልኩ አንድም ጊዜ አልዘገየም።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። አስቀያሚ ቢሆንም እውነት ነው፤ አያ ስንሻውም የጠየቀኝ እውነቱን ነው። ቅዳሜ ሳይደርስ አርብ በጠዋት ልሄድ ተነሳሁ። ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጮኸ።

«አጎቴ» አለች ዘመናይ። ድምፅዋን እንደሰማሁ ተቀመጥኩ። «አባባ አሁን አረፈ። ጎረቤት አላወቀም፤ ጥሩምባ አልተነፋም፤ አላለቀስኩም። መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ግን አስምሎኝ ነው። ‹ከሰው ሁሉ አስቀድመሽ ለአንማው ንገሪ፤ እሱ ሳይሰማ ማንም እንዳይሰማ› ብሎኛል።»

ያልታሰረውን ጫማዬን እያየሁ ቀረሁ።

«ሰምተውኛል አጎቴ? አሁን ማልቀስ እችላለሁ?»

«አልቅሺ ልጄ» አልኳት።

አንባቢዎቼ፣ ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፤ በዱላም የደበደበኝ አለ። እንደዚያ ስልክ የመታኝ ግን የለም። እኔ የነፈግሁትን ነገር አያ ስንሻው አንድም ሳያጎድል መልሶ ሰጠኝ። እስከ ዛሬ ይቅርታ ይሁን ቅጣት ለይቼ አላውቅም፤ የሚነግረኝም ሄዷል። አሁን እናንተ «እጄ ነው፣ አመሌ ነው» የምትሉት ነገር ካለ አልከራከራችሁም። ሲስተር ሐያትም ትመሰክርላችኋለች። የሚያስጠይቀው እጃችን ያደረገው ብቻ አይደለም፤ ሊያደርግ ተነስቶ የመለስነውም አለ። እኔ መልሴን ይዤ የምሄድበት ቅዳሜ አልመጣም። የናንተ ቅዳሜ ገና ከሆነ ሐሙስ ሂዱ።

አንድ ያልነገርኳችሁ ቀረ።

ሞጣ ስደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ግቢው ባዶ ነው። ድንኳኑ በግራ በኩል ተተክሏል፤ ከሥሩ ዘመናይና አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። ያ ቀጭን ጥሩምባ ነፊ አጥር ተደግፎ ቆሟል።

«ሦስት ጊዜ ዞርኩ» አለኝ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ሰው ይስቅብኛል አባቴ። ‹የቢቸናው ሽማግሌ ተመልሶ መጣ እንዴ?› ይሉኛል።»

ጥሩምባውን ሊሰጠኝ ዘረጋልኝ። እጄ ተነሳ። አየሁት። «ተው» አልኩት፤ ተቀመጠ። ‹ተው› ባዩ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው ተገኘ።

በር ለበር ሄድኩ። በባዶ አፌ፣ እያንኳኳሁ፣ «ወንድሜ አርፏል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» እያልኩ። አንዳንዱ ፊቴን አይቶ ጋቢውን አነሳ። አንዳንዱ ሳቀና ዘጋብኝ። በመጨረሻ የእትዬ ገላነሽ በር ደረስኩ። አልከፈቱም፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ ዓይናቸው ብቻ ይታየኛል።

«ባለፈው እንባዬን ጨርሰውብኛል» አሉኝ። «ዛሬስ እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ እትዬ» አልኩ። «ዛሬ መጀመሪያ የተነገረው ለእኔ ነው።»

መቀርቀሪያው ሲከፈት ሰማሁ።